ለተቀረጸ መምህር «እሺ» ማለት

ሳምንት 1፣ ሰኞ

ልጄ «ስልክሽ ላይ ጻፊው» አለችኝ። ስልኬንማ ከእኔ በላይ የምትነካካው እሷ ናት። ይህ ደብተር ግን ፀጉር ቤት ይዤው በምሄደው የፎጣ ቦርሳ ሥር ይቀመጣል። የሰው ፎጣ ደፍሮ የሚበረብር የለም።

ከዛሬ ጀምሮ ቀን የምቆጥረው በኮርሱ ሳምንት ነው። ምክንያቱም ሌላው ቀን ሁሉ የሌላ ሰው ነው፤ የደንበኛ፣ የቤት፣ የልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የሥነ ልቦና መግቢያ» የሚባለውን ኮርስ ባለፈው ወደቅሁ። በኦንላይን ነው የምማረው፤ መማሩም መውደቁም እዚያው ስክሪን ላይ ነው። ኮሌጁ የላከልኝ መልእክት ሁለት መስመር አይሞላም፤ አሁን ደግሜ ከወደቅሁ ከፕሮግራሙ እሰናበታለሁ። በቃ። ደጁ ላይ ቆመሽ የምትለምኚው ዘበኛ እንኳን የለውም።

አልወድቅም።

ባለፈው እሁድ ወንድም ጋሼ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናትና አባታችን ሲሞቱ ያሳደገኝ። ከአሥረኛ ክፍል አስወጥቶ ፀጉር ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው፣ «እንጀራሽ ያለው እጅሽ ላይ ነው» ብሎ። ታዲያ ሰው በሞላበት ጠረጴዛ፣ ሹካውን ወደ እኔ ቀስሮ፣ «እሷና ትምህርት ሆድና ጀርባ ናቸው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታላቅ ሲናገር አይመለስለትም፤ እንዲያ ነው ያደግነው።

ባሌስ? አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሾርባውን ይጠጣል። ባሌን በሆዴ «አቶ እህ» ነው የምለው። ሠርግ ብትነግረው «እህ»፣ ሞት ብትነግረው «እህ»። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ከፍሪጅ ጋር ሲውል ፍሪጅ ሆኗል።

ሳምንት 1፣ ሐሙስ

ጥድፊያ። ሦስት ቀለም፣ አራት ካስክ። የመምህሩን ትምህርት በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ቢጎዲን ጠቀለልኩ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ማዳም አየችኝ።

«ጆሮሽ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ትምህርት ነው።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!»

ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ተንከተከቱ። ዋጋ ሲነገራቸው «ካስኩ ይጮኻል፣ አልሰማንም» የሚሉት እነዚሁ ናቸው።

ሳምንት 2፣ እሁድ

እውነት ለመናገር እየተማርኩ ነው። መምህሩን እወዳቸዋለሁ። ሽበታም ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይረሱትና ይፈልጉታል። ሲያስተምሩ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያዩኝ። «ይህ ግልጽ ነው?» ይላሉ። «አዎ» እላለሁ። «እንግዲህ ወደሚቀጥለው እንለፍ» ይላሉ። «እሺ ቲቸር» እላለሁ።

ዛሬ ኩሽና ሆኜ ልጄ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «እማዬን ብታያት! ለተቀረጸ ቪዲዮ ‹እሺ ቲቸር› ትላለች። ትናንት ደግሞ ሲሰናበቱ ብድግ አለችላቸው!» እያለች እስክትንፈራፈር ትስቃለች።

ውሸቷን ነው። ብድግ ያልኩት እግሬ ደንዝዞ ነው።

እሺስ ብል? ሰው ሲናገር አፍ ዘግቶ ማፍጠጥ ነው እንዴ ጨዋነት?

አቶ እህ ዛሬ ዝናብ ላይ ወጥቶ፣ ላስቲክ ወጥሮ፣ ኮምፕረሰር ይፈታል። ወትሮ የእኛ መኝታ አጠገብ ነበር የሚቀጠቅጠው። ምን እንደነካው እንጃ። ጉንፋን ይዞት ላስታምመው ካሰበ ጊዜ የለኝም።

ሳምንት 3፣ ረቡዕ

ዜሮ።

«ተሳትፎ፦ ዜሮ።»

እኔ! አንድ ቪዲዮ ያላመለጠኝ! ምዕራፉን አራት ጊዜ ያነበብኩ!

ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። «እማዬ፣ የውይይት ገጹ ላይ ምን ጻፍሽ?» አለችኝ። መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይለጥፋሉ፣ ተማሪዎቹ ከሥሩ ይጽፋሉ፤ ያ ማለቷ ነው። እኔማ የሁሉንም አነባለሁ። አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ። ግን ለምን እጽፋለሁ? እኔ ስደርስ እኮ ሁሉም ብለው ጨርሰውታል። የሰው አፍ መልሶ መድገም ምን ይሉታል? ደግሞም መምህሩ መቼ ጠሩኝ? ሳይጠሩ መነሳት ብልግና ነው ብለው አይደል እንዴ በአለንጋ ያስተማሩን?

«ማንም አይጠራሽም። ራስሽ ነሽ የምትገቢው» አለች።

«ቪዲዮው ላይ እየመለስኩላቸው እኮ ነው።»

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ አይሰሙሽም» አለች ቀስ ብላ።

ያለፈውን ውጤቴን ከፍቼ አየሁት። እዚያም ተሳትፎ ዜሮ ይላል። እኔ ኋላ የሚሞላ ባዶ ቦታ መስሎኝ ነበር። ዝም አይነቅዝም እያሉ አሳደጉን፤ ይኸው ነቀዘ! እንዲያውም ሌላ ተረት አለ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚል። እሱን ለምን ቀድመው አላስተማሩኝም?

እርር ድብን ብዬ ለባሌ ነገርኩት። «ዝም በማለቴ ነው የጣሉኝ» አልኩት።

«እህ» አለ።

ከዚያ ተነስቶ የበሩን ማጠፊያ በዘይት ያሸው ጀመር። ሰው ስለ ሕይወቱ ሲያወራው በር ይቀባል!

ሳምንት 3፣ ዓርብ

ከክፍል ተማሪዎች አንዱ በግል ጻፈልኝ። በፎቶው ቦታ ቁልቋል የለጠፈ ነው፤ መጋዘን ጥበቃ እንደሆነ መጀመሪያ ሳምንት ራሱን ሲያስተዋውቅ አንብቤአለሁ። «እህቴ፣ ስምሽ ሁልጊዜ በርቶ አየዋለሁ፣ ቃል ግን አይወጣሽም። ደህና ነሽ?»

ደህና ነኝ አልኩት። ምክር ቢጤም ለገሰኝ፤ ጥያቄው ሰኞ ጠዋት ነው የሚለጠፈው፣ ሰው የሚጽፈው ሐሙስና ዓርብ ነው፣ «ቀድመሽ ከጻፍሽ የማንንም አትደግሚም፣ እኛ ነን አንቺን የምንደግመው» አለኝ።

ወይ ጉድ። ይህን ያህል ቀላል ነው?

ሳምንት 4፣ ማክሰኞ

ጻፍኩ! ከሁሉም ቀድሜ!

መጽሐፉን ከፍቼ፣ መልሱ ያለበትን አንቀጽ ፈልጌ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳላዛንፍ፣ ቁጭ። አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። በእኛ ጊዜ ጎበዝ ተማሪ ማለት መጽሐፉን እንዳለ የሚመልስ ነው፤ ከራሱ የጨመረ ቀባጣሪ ይባላል።

ማዳም «ምነው ዛሬ ፊትሽ በራ፣ ፕሮፌሰር?» አለችኝ። ቀን ስለጨለመባት ነው እንጂ እኔ ሁሌም ብሩህ ነኝ።

ሳምንት 4፣ ዓርብ

ኮራጅ ተባልኩ።

አልጽፍም ዛሬ።

ሳምንት 4፣ ቅዳሜ

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ይገድለኛል። ከኮርሱ የመጣልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፤ «ያቀረቡት ጽሑፍ ከመማሪያ መጽሐፉ የተገለበጠ ነው። ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው።» እኔ እኮ ያከበርኩ መስሎኝ ነው። የመምህሩን መጽሐፍ አክብሬ፣ በእኔ አፍ እንዳይበላሽ ብዬ!

ምናልባት ወንድም ጋሼ ልክ ነው። ዝም ስል ዜሮ፣ ስናገር ሌባ። ሆድና ጀርባ።

ፀጉር እያጠብኩ ሳለ ማዳም ለደንበኛዋ ስታወራ ሰማሁ። ውኃው ስለሚንሿሿ የማልሰማ መስሏታል። «ይቺ በወሩ መጨረሻ ትተወዋለች፣ ምን አለ በሉኝ። ከዚያ የእሁዱን ፈረቃ እሷ ላይ እጭናለሁ።»

አሃ!

አልተውም። ከእልሄ የተነሳ የሴትዮዋን ጭንቅላት ሁለት ጊዜ ሻምፖ አደረግሁት።

ሳምንት 5፣ ሰኞ

ለመምህሩ ጻፍኩላቸው። በሕይወቴ ለመምህር ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ የቤተሰባቸውን ጤና ጠየቅሁ፣ ስለ መነጽራቸውም አነሳሁ። ልጄ አነበበችና «እማዬ፣ ሰላምታው አላለቀም እንጂ ገጹ አልቋል» አለች። ቆራርጣ፣ ቆራርጣ፣ ሦስት መስመር አስቀረችው። «መምህር፣ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መገልበጥ ጥፋት መሆኑን አላወቅሁም። ማክበር መስሎኝ ነው። እንዴት ልጻፍ?» ፀጉር የሚቆርጠው ማነው፣ እሷ ናት ወይስ እኔ?

ሳምንት 5፣ ማክሰኞ

መለሱልኝ! በማግስቱ! «እርስዎ» ብለውኛል።

«መጽሐፉ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማላውቀው እርስዎ ምን እንዳሉ ነው። ምዕራፉን ያንብቡና ይዝጉት፤ ከዚያ ወንበርዎ ላይ ለተቀመጠች ደንበኛ እንደሚያስረዱ አድርገው ይጻፉልኝ።»

ይህችን መልእክት ሰው ሳያየኝ ደጋግሜ አነበብኳት። አንድ ሽማግሌ፣ የተማሩ ሰው፣ እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ማወቅ እፈልጋለሁ ይሉኛል። ሆዴ ባባ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ሳምንት 6፣ ረቡዕ

የሳምንቱ ጥያቄ «ሰዎች የማያምኑበትን ነገር በሰው ፊት ለምን እሺ ይላሉ?» የሚል ነበር። ምዕራፉን አነበብኩ፣ ዘጋሁት፣ ጻፍኩት።

«ፀጉር ቆርጬ ስጨርስ መስታወት ከኋላ እይዝላታለሁ። እንዳልወደደችው ትከሻዋ ይነግረኛል። ግን ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በአንድ አፍ ‹አማረብሽ!› ሲሉ እሷም ‹በጣም ቆንጆ ነው› ትላለች። በሩ ጋ ስትደርስ ከቦርሳዋ ሻሽ አውጥታ ታስራለች። ሴቶቹ ባይኖሩ ኖሮ ትነግረኝና አስተካክልላት ነበር። እኔም በእሺታዋ ስለምደሰት አልጠይቃትም።»

ከሥሩ «እኔም ታላቄ ሲናገር እንዲሁ ነኝ» ብዬ ጨመርኩና መልሼ አጠፋሁት። ሁሉ ነገር ለሰው አይነገርም።

ሳምንት 6፣ እሁድ

ከአሥር ስምንት! ሁለቱን የቀነሱት ምዕራፉ ውስጥ ያለውን ጥናት ባለመጥቀሴ ነው፤ ልክ ናቸው፣ ረስቼዋለሁ። ሰባት ሰው መለሰልኝ። ባለ ቁልቋሉ «እኔም አለቃዬ ሲቀልድ የምስቀው እንዲሁ ነው» አለ። አንዷ ደግሞ «ከእንግዲህ ሻሽ ይዤ አልሄድም» አለች።

ውጤቱን ለአቶ እህ አሳየሁት። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «እህ» አለና ወጣ። ምን አለበት «ጎበዝ» ቢለኝ? ልቡ እንኳን የሚመታው ከተለመነ ነው።

ሳምንት 7፣ ሐሙስ

ነገሩ ገብቶኛል። ሰኞ ጥያቄውን አነባለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀጉር እየሠራሁ አላምጠዋለሁ፣ ማክሰኞ እጽፋለሁ፣ ረቡዕ መጀመሪያ ያፈርኩበትን አስተካክላለሁ። ለሌላውም ሰው እመልሳለሁ፤ «እስማማለሁ» ብቻ ማለት ነጥብ የለውም፣ ለምን እንደምትስማሚ መናገር አለብሽ። ያልገባኝን እጠይቃለሁ፣ አፍራለሁ፣ ግን እጠይቃለሁ። ፕሮግራሜን ፀጉር ቤት መስታወቴ ላይ ለጥፌው ነበር፤ ማዳም ገነጠለችው። መልሼ ለጠፍኩት። ገነጠለችው። አሁን ማበጠሪያ ማስቀመጫው ውስጥ ነው፣ እጇ አይደርስም፤ ማበጠሪያ ካነሳች ስንት ዘመኗ!

ቤታችን ደግሞ ጸጥ ብሏል፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ። የጎረቤቱ ሬዲዮ እንኳን ሰሞኑን አይሰማም፤ ተበላሽቶ ይሆናል። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ልጄ ትሆናለች የሰቀለችው። በሩም አይጮኽም።

ሳምንት 8፣ ዓርብ

የመጨረሻው ፈተና ካሜራ ባለው ኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ስልክ አይሆንም አሉ። እኔ ኮምፒውተር ከየት አባቴ? ተስፋ ቆርጬ ሳጉረመርም ሰነበትኩ። ዛሬ አቶ እህ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይሞታል፤ አንድ የመጻፊያ ቁልፉም ወልቋል።

«ከየት አመጣኸው?»

«የኮምፒውተር ሱቁ ፍሪጅ ተበላሽቶ ነበር።»

ይህ በዚህ ወር የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው። ቁልፉ መውለቁን አይቶ ሌላ አይመርጥም ነበር? አልኩት እንዲያውም። ማታ ቁልፉ ከፍሪጅ ላስቲክ ተቆርጦ ተተክቶ አገኘሁት። ትንሽ ይንሸራተታል።

ሳምንት 9፣ እሁድ

ወንድም ጋሼ ደወለ። «የልጄ ምርቃት ግብዣ የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ ነው። ጠዋት መጥተሽ የሴቶቹን ፀጉር ትሠሪያለሽ።»

«እሺ» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ፈተናው የዚያኑ እሁድ ጠዋት ነው። ለሌላ ቀን አይዛወርም፤ ያልተገኘ ይወድቃል።

እሺ! እሺ! ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ? ይኼም ቪዲዮ መሰለኝ እንዴ!

ነገ እነግረዋለሁ።

ሳምንት 9፣ ረቡዕ

አልነገርኩትም። ሥራ ይበዛበታል።

ሳምንት 10፣ ሰኞ

አልነገርኩትም። ደወልኩ፣ ሚስቱ አነሳች። «አንቺን ተማምነን ሌላ ፀጉር ሠሪ አልያዝንም» አለችኝ። «እግዜር ያክብርልኝ» አልኩና ዘጋሁ። እኔ ያመሰገንኩት ለምኑ ነው?

ሳምንት 10፣ ሐሙስ

ስለ ሰው ፊት እሺታ ያን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? ከአሥር ስምንት ያገኘሽው? አፈር ብይ።

ሳምንት 11፣ ቅዳሜ

የእሱ ልጅ ለተማረበት ድግስ እኔ ፀጉር ልጠቅልል፣ የእኔ ትምህርት ግን ገደል ይግባ! ይህን ሳስበው ደሜ ፈላ፤ ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩለት፣ ሀሳቤን ሳልቀይር።

«ወንድም ጋሼ፣ የምርቃቱ እሁድ አልመጣም። ፈተና አለብኝ። ሌላ ፀጉር ሠሪ ነግሬላችኋለሁ፣ ጎበዝ ናት።»

«የምን ፈተና?» አለ።

«የኮሌጅ።»

«አንቺ ሴት፣ ጨዋታሽን ሌላ ጊዜ ትጫወቻለሽ። በዕለቱ ጠዋት እጠብቅሻለሁ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ግን አልኩት። በራሴ ቃል አልኩት። ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠና አየኝ። «እህ» አለ።

ፀጉር ቤት ደግሞ ተአምር ሆኗል። ማዳም ፎጣ እያጠፈች፣ እኔን ሳታይ፣ «ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ!»

ሳምንት 12፣ እሁድ

ተደፋሁ። ተራ በተራ ልጻፈው።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ፈተናውን የሚጠብቀው ፕሮግራም መጀመሪያ ክፍሉን ዙሪያውን አሳዪ አለኝ። አልጋውን፣ የተከመረውን ልብስ፣ ጣሪያውን ሳይቀር አሳየሁት፤ እንግዳ እንደሚመጣ የነገረኝ የለም። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ፊትሽ ከካሜራው አይውጣ፣ ዞር አትበይ፣ የሌላ ሰው ድምፅ አይሰማ። ልጄ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳለች። አቶ እህ በርጩማውን ይዞ ወጣና በሩን ከውጪ ዘጋው። ያ በር አልተሰማም፣ ቅቤ ነው።

ጥሩ ሄድኩ። ምርጫውን ጨረስኩ። የመጨረሻው ጥያቄ «ትኩረት ምንድነው? በራስዎ ቃልና ምሳሌ ያስረዱ» የሚል ነበር። ጽፌ አጋመስኩት።

መኪና ቆመ። ኮቴውን አወቅሁት። ልጅ ሆኜም ኮቴውን ስሰማ ነበር የምነሳው።

«የት አለች?»

«ፈተና ላይ ናት።» ባሌ ነው።

«አስነሳት! ያመጣችልን ሴትዮ ቀርታብናለች፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ፀጉሩን ይዞ ተቀምጧል።»

«አትነሳም።»

«ለማነው እንዲህ የምትናገረው? እኔ ያሳደግኳት እኮ ነኝ!»

«አሳድገሃታል፣ እግዜር ይስጥህ። አሁን ግን ድምፅህን ቀንስ።»

«ዞር በል ከበሩ!»

ያኔ ነው የጮኸው። ከዚያ ሰውዬ ደረት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። «ማንም አያልፍም! አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱን ጸጥ አድርጌ የጠበቅኋት አንተ መጥተህ ልታስነሳት አይደለም! ሰፈሩን ሁሉ ለምኜ፣ የሰው ሬዲዮ አስዘግቼ! ቁጭ ብለህ ጠብቅ፣ ወይ ሂድ!»

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «የሌላ ሰው ድምፅ ተሰምቷል።»

ዞር ማለት አልችልም። ፊቴን ካሜራው ላይ ሰክቼ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ስለ ትኩረት ጻፍኩ። ስቀመጥ ያሰብኩትን ምሳሌ ተውኩትና ሌላ ጻፍኩ። በላስቲክ በተሠራችው ቁልፍ ላይ ጣቴ ተንሸራተተ፤ ጨረስኩት።

ስወጣ ወንድም ጋሼ የለም። አቶ እህ በርጩማው ላይ ነው።

«ሰማኝ እንዴ ኮምፒውተሩ?»

«ሰማህ! አበላሸህብኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ከእሱ የተማርኩትን ጩኸት መልሼ በራሱ ላይ።

«እህ» አለ። ተነስቶ ደጅ ወደወጠረው ላስቲክ ሥር ሄደ። ጠዋት የሰጠሁት ሻይ በርጩማው ሥር እንዳለ ቀዝቅዟል።

ሳምንት 13፣ ማክሰኞ

ከኮሌጁ መጣ። «በፈተናዎ ሰዓት የወንድ ድምፅ ተቀርጿል። ማን ነው? ምን አለ? በራስዎ ቃል ያስረዱ። ውሳኔ እስኪሰጥ ውጤትዎ ታግዷል።»

ልጄ ላሳጥርልሽ አለች። አይቆረጥም አልኳት። የላክሁት ይህ ነው፤

«የተሰማው የሁለት ሰው ድምፅ ነው። አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሊያስነሳኝ የመጣ። ሁለተኛው ባለቤቴ ነው። መልስ አልነገረኝም፤ ስለ ሥነ ልቦና የሚያውቀው የለም፣ የሚያውቀው ፍሪጅ ነው። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለፉት ሳምንታት በሩን ዘይት የቀባው፣ ዝናብ ላይ ወጥቶ የሠራው፣ መስኮቱን የጋረደው፣ ጎረቤት የለመነው ለእኔ ነበር። እኔ አላየሁትም፤ ስለማይናገር ዜሮ ስሰጠው ኖርኩ። ስለ ትኩረት ለጠየቃችሁኝ የጻፍኩት ምሳሌ እሱ ነው፤ ምሳሌውን ያገኘሁት ሲጮህ ስለሰማሁ ነው። ይህ ኩረጃ ከተባለ፣ አዎ፣ ከባሌ ኮርጃለሁ።»

ልጄ አነበበችው። ከዚያ ወጥታ ለአባቷ ትኩስ ሻይ ወሰደችለት። እኔ ነበርኩ መውሰድ ያለብኝ። ሁለተኛውን ስኒ እኔ ወሰድኩ። አጠገቡ፣ ላስቲኩ ሥር፣ ተቀመጥኩ። «እሁድ ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ» አልኩት። «እህ» አለ፣ ግን መፍቻውን አስቀምጦ ነው ያለው።

ሳምንት 13፣ ዓርብ

አለፍኩ!

መምህሩ ራሳቸው ናቸው የጻፉልኝ። «ቀረጻውን አዳመጥኩት። እገዳው ተነስቷል፣ አልፈዋል። የመጨረሻው መልስዎ ላይ ሦስት ነጥብ ቀንሻለሁ፤ ትርጉሙን ሳይጽፉ ወደ ምሳሌው ሮጠዋል። ለባለቤትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።»

«እሺ ቲቸር!» አልኩ ጮክ ብዬ። ልጄ ሰማች። ትሳቅ።

ሰላምታውን ለባሌ አነበብኩለት። ጆሮው ቀላ። ኮምፕረሰሩን አቅፎ ከዝናቡ ወደ ቤት አስገባው፣ የድሮ ቦታው፣ አልጋችን አጠገብ፣ አስቀመጠውና መቀጥቀጥ ጀመረ። ቤቱ ተናጋ።

በዚያ መሀል ወደ ወንድም ጋሼ ደወልኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ።»

«ምን? አልሰማሁሽም። ምንድነው እንዲህ የሚንኳኳው?»

«ባሌ ነው፣ እየሠራ ነው።»

«አስቁሚውና ተናገሪ።»

«አላስቆመውም» አልኩት። «አንተ ስልኩን ጆሮህ ላይ አጥብቀው።» ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መዶሻውንም ሰፈሩንም በልጬ፣ ደገምኩለት። «አልፌያለሁ! የሚቀጥለው ኮርስ ሰኞ ይጀምራል። እሁድ እሁድ አትጥራኝ፣ አጠናለሁ!»

መዶሻው አላቋረጠም።

«እሺ» አለ ወንድም ጋሼ።